የራዲያተር ሥራ የሚመዘነው በማግስቱ ነው

ጅቡቲ ውስጥ በጥር ወር የማይሠራ ራዲያተር የለም። ፈተናው ሐምሌ ላይ ነው። የቀኑ ሙቀት 40 ዲግሪን አልፎ ኸምሲን የሚሉት የምድረ በዳ ነፋስ አቧራውን ይዞ ሲመጣ፣ ይድረስ ይድረስ ተብሎ የተገጠመው ሁሉ ባለቤቱን መንገድ ላይ ያስቀራል። ካርቲየ 5 ውስጥ ኮፈኑን ከፍቶ ደጅ የቆመ አሮጌ ላንድክሩዘር ወይም ሂሉክስ ማየት ብርቅ አይደለም። ባለቤቱ ራሱ ይፈታል፣ ወይ የሚያውቀውን ልጅ ጠርቶ ያስፈታል። ሥራው ጫት ሳይገባ፣ ከምሳ በፊት እንዲያልቅ ይፈለጋል። አዲሱ ራዲያተር ያብረቀርቃል፣ ሞተሩ ይነሳል፣ ገንዘብ ይቆጠራል። ይኼ ሁሉ ግን ስለ ሥራው ጥራት ምንም አይናገርም።

እኔ ሠራተኛን መመዘን የምጀምረው ቁልፍ ከማንሳቱ በፊት ነው። «ጋሼ፣ መኪናው ውሃ ይጠጣል ወይስ ያፈሳል?» ብሎ የሚጠይቅ ልጅ ካገኙ ስልኩን ይያዙ። የሚያፈስ ከሆነ ቀዳዳው ይፈለጋል፤ የሚጠጣ ከሆነ ግን ውሃው ወደ ሞተሩ እየገባ ሊሆን ይችላል። ጎበዙ ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ ክዳኑን ከፍቶ ጣቱን ይከታል። ቀይ ዝገት ከመጣለት መኪናው የኖረው በተራ ውሃ ነው። አፉ ዙሪያ ነጭ ቅርፊት ካለ ውሃው ጨዋማ ነበር። ቅባት ካየ ደግሞ እጁን መሰብሰብ አለበት። ወይ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ተቃጥሏል፣ ወይ ካምቢዮው አውቶማቲክ ከሆነ ራዲያተሩ ውስጥ የሚያልፈው የዘይት ማቀዝቀዣ ተበስቷል። ክዳኑን ክፍት ትቶ ሞተሩን ሲያስነሳ ውሃው ሳያቋርጥ አረፋ የሚተፋ ከሆነ፣ አዲስ ራዲያተር መግዛት ገንዘብ መጣል ነው።

የውሃው ነገር እዚህ ከተማ ከሌላው ይብሳል። ጅቡቲ ለብዙ ዘመን የኖረችው በጨዋማ የጉድጓድ ውሃ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ከኢትዮጵያ ሐዳጋላ በቧንቧ የሚመጣ ውሃ፣ በ2021 ደግሞ ዶራሌ ላይ የባሕር ውሃ ማጣሪያ ተጨምሯል። ያም ሆኖ ዛሬ ከቧንቧዎ የሚወርደው የትኛው እንደሆነ መካኒኩ አያውቅም። ጨው አሉሚኒየሙን ይበሳል፣ ድንጋያማው ዝቃጭ ደግሞ ቀጫጭኖቹን ቱቦዎች ይደፍናል። ስለዚህ ከጎረቤት ቧንቧ በባልዲ ቀድቶ የሚሞላ ሰው፣ የቀረውን ሁሉ አሳምሮ ቢሠራም ሥራው ወድቋል። ትክክለኛው ግማሽ ኩላንት፣ ግማሽ የባትሪ ውሃ ነው። ከኤሲ የሚንጠባጠበውን አጥልለው የሚጠቀሙ አሉ። ከጉድጓዱ ይሻላል፣ ከባትሪ ውሃ ያንሳል። «እዚህ በረዶ የለ፣ ኩላንት ምን ያደርጋል?» የሚል ካጋጠመዎት ኩላንት ዝገትን እንደሚከላከልና ውሃው ቶሎ እንዳይፈላ እንደሚያደርግ ይንገሩት።

ስለ ዕቃው ብዙ አልልም። የመዳብና የናሱ አሮጌ ራዲያተር ከባድ ነው፣ በስታኞ ይጠገናል። ፕላስቲክ ታንክ ያለው አሉሚኒየም ርካሽና ቀላል ነው፣ ታንኩ ሲሰነጠቅ ግን ጥገናው አያዛልቅም። የተጠገነ ከገዙ ስንት ቱቦ እንደተደፈነ ይቁጠሩ። የሚያፈሰውን ቱቦ ጫፍና ጫፉን በስታኞ ዘግቶ «አልቋል» ማለት ቀላል ነው። የተዘጋው ቱቦ ግን ከእንግዲህ አያቀዘቅዝም፤ ሁለት ሦስት ከሆነ ይታለፋል፣ ከዚያ በላይ ከሆነ አይግዙ።

አገጣጠሙ ላይ ዓይኔ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ውሃው ጎማ ማሰሪያ ነው። የራዲያተሩ አፍ ጫፍ ላይ ከፍ ያለ ጠርዝ አለ። ማሰሪያው ከዚያ ጠርዝ ወደ ውስጥ አልፎ መቀመጥ አለበት። ጠርዙ ላይ ወጥቶ የታሰረ ዛሬ አያፈስም፤ ሽቅብ ሲወጣ፣ ግፊት ሲበዛ ይነቀላል። ቀጥሎ ከሥር ያሉትን የላስቲክ መቀመጫዎች አያለሁ። እነሱ ተጥለው ብረት በብረት ከታሰረ፣ የኮረኮንች ንዝረት የታንኩን መገናኛ በጥቂት ወራት ይከፍተዋል። ቬንቲላተሩን የሚከበው ፕላስቲክ ከለላም አለ። ለመፍታት ያስቸግራልና ብዙዎች መልሰው አይገጥሙትም። ያለ እሱ ቬንቲላተሩ አየሩን በራዲያተሩ ውስጥ በመሳብ ፈንታ እዚያው ያሽከረክረዋል፣ መኪናውም ትራፊክ ላይ ሲቆም ይሞቃል።

አንድ ነገር ላይ አልደራደርም፤ ቴርሞስታት። «ሙቀት አገር ነው፣ ይውጣ» የሚሉ መካኒኮች ሞልተዋል። ብዙዎቹ አሮጌ ቶዮታዎች ላይ ግን ቴርሞስታቱ ሲከፈት ውሃው በአቋራጭ ወደ ሞተሩ የሚመለስበትን መንገድም ይዘጋል። ሲወጣ አቋራጩ ክፍት ይቀራል፣ ከፊሉ ውሃ ራዲያተሩን ሳያይ ይዞራል። በቀዝቃዛ ቀን አይታወቅም፣ በሐምሌ ዳገት ላይ ይታወቃል። አሮጌውን አውጥቶ 82 ዲግሪ የሚል አዲስ የሚገጥም፣ ትንሿንም የአየር ማስወጫ ቀዳዳ ወደ ላይ የሚያዞር ሰው ሥራውን ያውቃል።

ክዳኑም እንዲሁ ነው። 0.9 የሚል ከነበረ 0.9 ይገጠማል። ያ ግፊት የውሃውን መፍያ በ18 ዲግሪ ገደማ ከፍ ያደርገዋል። ተራ ውሃ አዲስ አበባ ላይ በ92፣ ጅቡቲ ላይ በ100 ዲግሪ ይፈላልና ከባሕር ዳር ተነስቶ ወደ ደጋ ለሚወጣ መኪና ደህና ክዳን ግዴታ ነው። ችግርን በ1.3 ክዳን የሚሸፍን መካኒክ ግን አሮጌውን የማሞቂያ ቱቦ እያፈነዳ ነው።

ሲሞላም አይቸኩል። የካቢኑ ማሞቂያ እስከ መጨረሻው ይከፈታል፣ ሞተሩ ያለ ክዳን ይሠራል፣ አየሩ ሲወጣ ውሃው ይጎድላል፣ ይሞላል።

የመጨረሻው ምርመራ በማግስቱ ጠዋት፣ ሞተሩ ሳይነሳ ነው። ክዳኑን ሲከፍቱ ውሃው እስከ አፉ ይሙላ፣ መጠባበቂያው ጠርሙስ ላይ ያለው ከምልክቱ አይራቅ፣ ማታ ከሥር ያነጠፉት ካርቶን ደረቅ ይሁን። የላይኛው ጎማ ተጨማዶ ካገኙት ክዳኑ ውሃ መልሶ አይስብም፣ ይቀየር። ከተቻለ የክፍያውን ግማሽ ለዚህ ጠዋት ያቆዩ።

አሮጌው ኩላንት የት እንደገባም ይጠይቁ። ይጣፍጣል፣ ይገድላልም፤ የሰፈሩ ፍየሎችና ድመቶች ደግሞ ያገኙትን ይልሳሉ። በጀሪካን ከመያዝ ይልቅ በርዎ ላይ ደፍቶት የሄደ ሰው ከሆነ፣ የጎማዎቹን ማሰሪያ እንደገና ይፈትሹ።