«የተሻሻለ ዝርያ»፦ ለምን ተሻሻለ?

ስለ ከብት እርባታ ሲወራ፣ በሬዲዮም ይሁን በስልጠና፣ አንድ ቃል አይጠፋም፦ «የተሻሻለ ዝርያ»። ቃሉን ስንሰማ ብዙዎቻችን የምናስበው ጥቁርና ነጭ ዥጉርጉር የፈረንጅ ላም ነው። በመካነ ሰላምና በምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ የሥጋ ከብትን ማሻሻል ካሰብን ግን ይሄ ምስል መንገድ ያስታል። ለምን እንደሆነ እንይ።

የመጀመሪያው ጥያቄ «ለምን ሥራ ተሻሻለ?» የሚለው ነው። ሆልስቲን ፍሪዥያንም ሆነ ጀርሲ ለወተት የተመረጡ ዝርያዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1981 ቃሊቲ ላይ የተቋቋመው ብሔራዊ የሰው ሰራሽ ማዳቀል ማዕከልም በብዛት ያሰራጨው የእነዚህን አባለዘር ነው። መኖና የወተት ገበያ ባለበት፣ ለምሳሌ በአዲስ አበባ ዙሪያና በአርሲ፣ ዲቃላ ላሞች ብዙ ቤተሰብ ጠቅመዋል። ይህን መካድ አይቻልም። ወሎ ደጋ ላይ ግን በሬ መጀመሪያ አራሽ ነው፤ ሥጋ የሚሆነው ጉልበቱን ከጨረሰ በኋላ ነው። ቀንበሩን ደግፎ የሚይዘው ሻኛ በዲቃላው ላይ ያንሳል። ታዲያ ለገበሬው የተሻሻለው ምኑ ነው?

ሁለተኛው ሆድ ነው። እንስሳ ሳይሠራና ሳይወፍር፣ በቃ በሕይወት ለመቆየት ብቻ የሚፈልገው ኃይል ከክብደቱ ጋር ያድጋል፤ ስሌቱ ክብደት ወደ 0.75 ከፍ ሲል ነው። 250 ኪሎ የምትመዝን የአገር ላም በ450 ኪሎ ዲቃላ ብትተካ፣ ለመኖር ብቻ 55 በመቶ ያህል ተጨማሪ ኃይል ትፈልጋለች። ከየት ይመጣል? ደጋው ላይ ዋናው መኖ ጭድ ነው። በከብት ጨጓራ ውስጥ ያሉት ረቂቅ ሕዋሳት በደንብ ለመሥራት 7 በመቶ ገደማ ፕሮቲን ያለው መኖ ይፈልጋሉ፤ የገብስና የስንዴ ጭድ ግን ከዚያ በታች ነው። ትልቅ ሞተር ገዝቶ ነዳጅ ማጣት ይሉታል ይሄንን።

አሁን ወደ ዋናው ትችት እንምጣ። ዝርያ የሚመጣው ከውጭ ነው ብለን ስናምን፣ ደጃችን ላይ በዝምታ የሚካሄደውን ምርጫ አናይም። ቶሎ የሚያድገው ወይፈን ለፋሲካ ወይም ለአረፋ ቀድሞ ይሸጣል፤ ወይም ተኮላሽቶ ይጠመዳል። ኮርማ ሆኖ ላሞቹን የሚያጠቃው የቀረው ነው። ጥሩውን ዘር ሸጦ ግርዱን እንደመዝራት ቁጠሩት። ማንም አስቦ ባያደርገውም፣ መንጋው ወደ ኋላ እየተመረጠ ነው።

ይሄን ብንገለብጠውስ? አንድ ምሳሌ እንሥራ። የተመረጡት ኮርማዎች ከእኩዮቻቸው አማካይ በ20 ኪሎ ይበልጣሉ፣ ላሞቹ ግን አልተመረጡም እንበል። ጥጃ ከሁለቱም ወላጅ እኩል ስለሚወርስ የወላጆች ብልጫ በአማካይ 10 ኪሎ ይሆናል። በክብደት ልዩነት ውስጥ በዘር የሚተላለፈው ድርሻ 0.3 ቢሆን፣ ጥጆቹ በ3 ኪሎ ይበልጣሉ። በአንድ ትውልድ፣ ማለትም በ5 ዓመት ገደማ፣ 3 ኪሎ ብቻ!

ትንሽ ናት? አዎ። አንድ በሬ በኑግ ፋጉሎና በጥሩ ድርቆሽ በቀን ግማሽ ኪሎ ቢጨምር በ90 ቀን 45 ኪሎ ያገኛል። ያ የ15 ትውልድ ምርጫ ነው። ስለዚህ ነገ ኪሱ እንዲሞላ ለሚፈልግ ገበሬ ትክክለኛው ምክር «ዝርያ ቀይር» ሳይሆን «መኖ አሻሽል» ነው። ልዩነቱ ምን መሰላችሁ? የመኖው 45 ኪሎ ከበሬው ጋር ገበያ ሄዶ ያልቃል። የምርጫዋ 3 ኪሎ ግን መንጋው ውስጥ ትቀራለች፤ በሚቀጥለው ትውልድ ሌላ ይደረብባታል።

በምርጫ ርቆ መሄድ እንደሚቻል የሚያሳይ ዘር አገራችን አላት። መካነ ሰላም የቦረና ወረዳ መቀመጫ ናት፤ በስም የሚመሳሰለው የደቡቡ ቦረና ደግሞ የቦረን ከብት መገኛ ነው። የኬንያ አርቢዎች ይህን ከብት ወስደው ደካማውን እያስወገዱ፣ ጥሩውን እያስቀሩ አሻሻሉት። እ.ኤ.አ. በ1951 የአርቢዎች ማኅበር መሠረቱ። ዛሬ ቦረን በደቡብ አፍሪካና በአውስትራሊያ ሳይቀር የታወቀ የሥጋ ዝርያ ነው።

ይሄንንም ግን እንዳለ መገልበጥ አይቻልም። የኬንያው አርቢ ሰፊ አጥር ነበረው። እዚህ ግጦሹ የወል ነው፤ የእናንተ ላም የምትጠቃው በጎረቤት ኮርማ ነው። አንድ ገበሬ ብቻውን ቢመርጥ ትርፉ ድካም ነው። መልሱ መንደሩ አብሮ ኮርማ መምረጡ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ በመንዝና በቦንጋ በጎች ላይ አርቢዎች አውራ በግ በጋራ እየመረጡ ተሞክሯል። ከብት ቀርፋፋ ነው፤ አንድ ጥጃ ለመውለድ ዘጠኝ ወር ይፈጃል፣ የሚሸጥ ወይፈን ላለመሸጥም ገንዘብ ያስፈልጋል። ስለዚህ ምርጡን ወይፈን ለሁለት ዓመት ለሚያቆይ ገበሬ መንደሩ ወይም መንግሥት የሚከፍለው ካሳ ከሌለ፣ ምክሩ ምክር ሆኖ ይቀራል። የማዳቀል ዘመቻ በጀት ሲያዝ ይህች መስመር መኖሯን ማየት ያስፈልጋል።

መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ መካነ ሰላም ላይ ግቢ አለው፤ ተማሪዎች በየቀበሌው አሉ። ሚዛን ባይኖር የልብስ ሰፊ ሜትር ይበቃል፦ ከፊት እግር ኋላ የደረት ዙሪያ ሲለካ ክብደትን በጥሩ ሁኔታ ይገምታል። የጥጃው ቀን፣ እናቱ፣ አባቱ፣ የደረቱ ዙሪያ፤ አራት አምድ ያለው ደብተር ነው። ደብተር የሌለው መንጋ ውስጥ «የተሻሻለ» የሚለው ቃል ማረጋገጫ የለውም፤ ከምን ተነስቶ የት እንደደረሰ የሚያውቅ የለምና።