ከትከሻ ጉድጓድ በታች ያለው ጉንጉን

ጣትዎን ከአንገትዎ ግርጌ፣ ከደረት ወደ ትከሻ ከሚዘልቀው አጥንት በላይ ባለችው ጎድጓዳ ላይ ያሳርፉ። ክንድን የሚያንቀሳቅሰው የነርቭ ጉንጉን፣ ብራኪያል ፕሌክሰስ፣ በዚያ ያልፋል። ከህብለ ሰረሰር የሚወጡት አምስት ሥሮች ተጋጥመው ሦስት ግንድ ይሆናሉ፤ እያንዳንዱ ለሁለት ይከፈላል፤ ስድስቱ ዳግም በሦስት ይጎነጎናሉ፤ በመጨረሻም አምስት ዋና ነርቮች ይወጣሉ። አንዱ ነርቭ ከብዙ ሥር ስለሚቀዳ፣ አንድ ሥር ቢጎዳ ክንዱ በሙሉ አይዝልም።

እኔን ይበልጥ የሚያስደንቀኝ የቦታው ጥበት ነው። ይህ ሁሉ ከደም ቧንቧው ጎን ተጠጋግቶ ያልፋል፤ በአልትራሳውንድ የወይን ዘለላ ይመስላል። ጀርመናዊው ሐኪም ኩለንካምፕፍ በ1911 እ.ኤ.አ. እዚህ የሚወጋውን ማደንዘዣ በራሱ ላይ ሞከረ። የሳንባ ጫፍ እዚያው ሥር ስለሆነ ድፍረቱ ያስፈራል። ዛሬ በዚህ ማደንዘዣ ታካሚው ነቅቶ እያወራ የተሰበረ እጁ ይጠገናል።