«ስንፈተ ወሲብ» ስለሚባለው ስያሜ

በጋዜጣ የጤና ዓምዶች፣ በሬዲዮ የሐኪም ምክርና በመድኃኒት ማስታወቂያዎች «ስንፈተ ወሲብ» የሚለው ስያሜ ከተለመደ ቆይቷል። በግዕዝ የተናባቢ ስልት የተዋቀረ በመሆኑም የተማረ ቃና አለው። ይሁን እንጂ በእኛ አስተያየት ስያሜው በዘርፉም በባለቤቱም የተሳሳተ ነው፤ ስሕተቱም ሕመምተኛውን እስከ መጉዳት ይደርሳል።

ከዘርፉ እንጀምር። «ወሲብ» የተገኘው «አውሰበ» ከሚለው የግዕዝ ግስ ሲሆን፣ አውሰበ ማለት ሚስት አገባ ማለት ነው። በግዕዙ የማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 22 ስለ ትንሣኤ ሙታን በሚነገርበት ስፍራ ግሱ የገባው በዚሁ የጋብቻ ፍች ነው። የዛሬው አማርኛ ቃሉን ወስዶ ለግብረ ሥጋ አውሎታል። በዚህ አንከስሰውም፤ ቃል ፍች መለወጡ ያለ ነገር ነው። የምንነቅፈው ስፋቱን ነው። ወሲብ ሲባል ፍላጎቱም፣ ድርጊቱም፣ ፍጻሜውም አብሮ ይጠራል። ስለዚህ የፍላጎት መቀነስ፣ የብልት አለመቆምና የዘር ፈሳሽ ያለጊዜው መፍሰስ ሁሉ በአንድ ስም ይጠቃለላሉ፤ መካንነትን የሚጨምሩበትም አይጠፉም። ለሐኪሙ ግን እነዚህ መንሥኤያቸውም ሕክምናቸውም የተለያየ ነው። ብልቱ የማይቆምለት ሰው ፍላጎቱ ሙሉ፣ ዘሩም ጤነኛ ሊሆን ይችላል።

የባለቤቱ ነገር ይብሳል። የስያሜው ጠበቆች «ስንፈት» ከ«ስንፍና» ይለያል፣ የኃይልን መድከም እንጂ የጠባይን ጉድለት አያመለክትም ይሉ ይሆናል። ክርክሩ በወረቀት ላይ ያስኬዳል፤ በሰሚው ጆሮ ግን ግሱ ያው ሰነፈ ነው። ሰነፍ የምንለው ሥራ የሚጠላውን ገበሬ፣ ትምህርቱን የማያጠናውን ተማሪ ነው፤ የመጽሐፍ ቅዱስ አማርኛ ደግሞ ማስተዋል የጎደለውን ሰው ሰነፍ ይለዋል። በሦስቱም ጥፋቱ የሰውየው ነው። ልቡ ደም መግፋት የተሳነውን ሰው ግን «የልብ ድካም አለበት» እንላለን እንጂ «ስንፈተ ልብ» አላልነውም። ደሙ ያነሰውንም «ደም ማነስ» ብለን በቅንነት ሰይመናል። ይህ አንዱ ሕመም ብቻ በስንፍና የሚከሰስበት ምክንያት ምንድን ነው?

የሰውነቱ አሠራር ክሱን አይደግፈውም። ስሜት ሲነሣ ከነርቮችና ከደም ሥሮች ግድግዳ ናይትሪክ ኦክሳይድ የተባለ ንጥረ ነገር ይመነጫል፤ የደም ሥሮቹ ጡንቻ ይላላል፤ ደም ወደ ብልቱ ስፖንጅ መሰል አካል ይገባል፤ የሞላውም አካል መመለሻውን ሥር ተጭኖ ደሙን ያግደዋል። ይህ በፈቃድ የሚታዘዝ ሥራ አይደለም። የስኳር በሽታ፣ የደም ግፊት፣ የደም ሥር መጥበብ፣ ትንባሆ፣ አንዳንድ የግፊትና የድብርት መድኃኒቶች፣ የሆርሞን ማነስ፣ የነርቭ ጉዳት፣ ጭንቀትም ያውኩታል። ከዚህም በላይ የብልት ደም ሥሮች ከልብ ደም ሥሮች የቀጠኑ ስለሆኑ ጥበቱ አስቀድሞ በእነርሱ ሊታይ ይችላል። ሕመሙ የልብ በሽታ ቀዳሚ ምልክት ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

እንግዲህ ከማቻከል ወረዳ፣ ከአማኑኤል ከተማ ተነሥቶ ወደ ደብረ ማርቆስ ሊታከም የሚያስብ አንድ ጎልማሳ እናስብ። (በነገራችን ላይ «የአማኑኤል ሰው ነኝ» ቢል አዲስ አበባ ላይ ፈገግታ ሳያስነሣ አይቀርም፤ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታሉ ስሙን ወስዶታልና። ስያሜ ባለቤቱን እንዴት እንደሚያሳፍር ከዚህ ይታያል።) በአገሩ ቋንቋ ይህ ሕመም «በመድኃኒት ታሰረ» ይባላል፤ መድኀኒቱም መፍታት ነው፤ «መፍትሔ ሥራይ» የሚለው የጸሎት መጽሐፍ ስም ራሱ ይህንኑ አነጋገር ይዟል። አባባሉ መንሥኤውን ቢስትም ሰውየውን አይወቅሰውም፤ ያሰረው ሌላ ነው። ዘመናዊው ስያሜ ግን ያንን አስጥሎ ሰነፍ ይለዋል። ሰነፍ ከመባል ዝም ማለትን ቢመርጥ ያልታወቀበት የስኳር በሽታ ሳይመረመር ይቀራል።

እንግሊዝኛውም ከዚህ ነቀፋ ነጻ አልነበረም። «ኢምፖተንስ» የሚለው የቆየ ስሙ ከላቲን የመጣ ሲሆን አቅም ማጣት ማለት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1992 የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት የጠሩት የባለሙያዎች ጉባኤ ቃሉ ያልጠራና የሚያዋርድ መሆኑን ተመልክቶ በ«ኢሬክታይል ዲስፈንክሽን» እንዲተካ መከረ። የእኛ ተርጓሚዎች አዲሱን ቃል በአሮጌው መንፈስ መተርጎማቸው ያስገርማል።

ጉዳቱ በመድኃኒት መግለጫዎችም ላይ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ1998 በአሜሪካ የተፈቀደው ሲልደናፊል፣ በንግድ ስሙ ቫያግራ፣ ያለ ስሜት መነሣሣት አይሠራም፤ ፍላጎትንም አይፈጥርም። «የወሲብ ኃይል የሚጨምር» ተብሎ ሲተረጎም ግን ጤነኛው ጭምር እንደ ማበረታቻ ይገዛዋል። ለልብ ሕመም ናይትሬት የሚወስድ ሰው ቢጨምርበት የደም ግፊቱ እስከ ሞት በሚያደርስ ሁኔታ ሊወርድ ይችላል። ሕክምናውም ክኒን ብቻ አይደለም፤ ስኳሩን መቆጣጠር፣ ትንባሆ መተው፣ ሐኪም ሲያዝ መድኃኒት መለወጥ፣ ከባለቤቱ ጋር ሆኖ ምክር መቀበል፣ ካልሆነም መርፌና ቀዶ ሕክምና አሉ።

የሕግ ተርጓሚም ጥንቃቄ ያሻዋል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በአንቀጽ 13 መሠረታዊ ስሕተት ከሚላቸው አንዱ ተጋቢው ለግብረ ሥጋ የሚያስፈልጉ አካላት የሌሉት እንደ ሆነ ነው። ይህ የአካል መጓደል እንጂ የአካል ሥራ መታወክ አይደለም። ሁለቱን በ«ስንፈተ ወሲብ» የሚያጠቃልል ተርጓሚ ሕጉ ያላለውን ያስብለዋል። ለጥንቶቹ «ስልብ» እና «ጃንደረባ» የሚሉት ቃላትም ለዚህ ሕመም አይስማሙም።

እኛ የምናቀርበው «የብልት አለመቆም» የሚለውን ነው። ግልጽነቱ ያሳፍራል የሚሉ ይኖራሉ። ሆኖም «ብልት» በመሠረቱ ነውረኛ ቃል አይደለም፤ የዶሮ ብልት 12 ነው ስንል ማንም አያፍርም። «ሀፍረተ ሥጋ» ግን ሐኪሙ ገና ሳይጠይቅ ዕፍረትን ስለሚያስቀድም ለሕክምና አይመከርም። ለተቀሩት «የፍላጎት ማነስ» እና «የዘር ፈሳሽ መቸኮል» ለየብቻ ይሰየሙ። «ስንፈተ ወሲብ» ከመዝገበ ቃላት ይፋቅ አንልም፤ ሕዝብ የሚናገረው ነውና ይመዝገብ፣ በፍቺው ግን ወደ ሦስቱ ይመራ። ያልተቋጨው «መቆም» ለድርጊቱ በስምነት ሲገባ የሚፈጥረው አሻሚነት ነው፤ «የብልት መቆም» መነሣትንም፣ ሥራ ማቋረጥንም ሊያሰማ ስለሚችል፣ ለሐኪሞች ጽሑፍ ሌላ ቃል የሚያቀርብ ቢኖር በዚሁ መጽሔት እንዲወያይበት እንጋብዛለን።