«ዘራፍ» በሰው ግቢ፦ የዓድዋ ሕያው ታሪክ ከፔካ 12 ሲታይ

ከጅቡቲ ከተማ ወደ ኢትዮጵያ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የሚገኘው ፔካ 12 ስሙን ያገኘው ከመንገድ ልኬት ነው፤ በፈረንሳይኛ አሥራ ሁለተኛው የኪሎ ሜትር ነጥብ ማለት ነው። በየካቲት 2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ፒያሳ የተመረቀው የዓድዋ ድል መታሰቢያም በሕዝብ አፍ «ዜሮ ዜሮ» መባሉ የአገሪቱ መንገዶች ርቀት ከዚያ ይቆጠራል ከሚል ነው። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል የሚመላለሱት የከባድ መኪና ሾፌሮችና ረዳቶች የካቲት 23 ቀን መንገድ ላይ ቢደርስባቸው በዓሉን የሚውሉት ከተሳቢያቸው ጥላ ሥር ነው። ወደቡ ለዓድዋ አይዘጋም። ይህ ስፍራ ታዲያ አንድ ጥያቄ በግልጽ እንዲነሣ ያደርጋል፤ የዓድዋን መታሰቢያ በአካል እያሳዩ፣ በአባቶች ልብስና በአባቶች አንደበት የመዘከር ልማድ በማን ግቢ፣ በማን ስም፣ በማንስ ፊት ይፈጸማል?

«ሕያው ታሪክ» የሚለው ሐረግ በአማርኛ ገና አልጸናም። ነገሩ በአውሮፓ ሲጀመር አርቱር ሃሴሊዩስ እ.ኤ.አ. በ1891 በስቶክሆልም የከፈተው ስካንሰን የገበሬ ቤቶችን ከየገጠሩ አንሥቶ አንድ ኮረብታ ላይ ተከለ፤ ባለ አገር ልብስ ለባሾችንም በየደጁ አቆመ። ዓድዋ ገና አምስት ዓመት ይቀራት ነበር። በአሜሪካ ማሳቹሴትስ በተሠራው የፕሊመዝ መንደር ደግሞ ተዋንያኑ የ17ኛውን ክፍለ ዘመን ሰፋሪዎች «እነርሱ» ብለው አይተርኩም፤ «እኔ» ብለው ይናገራሉ። የዘርፉ ባለሙያዎች ስለ አንደኛና ስለ ሦስተኛ መደብ አቀራረብ ብዙ ተከራክረዋል። አማርኛ ግን ይህን ክርክር ሳይሰማ የራሱን መልስ ካዘጋጀ ቆይቷል፤ መልሱም ፉከራ ነው።

የፉከራ ሰዋስው በቅርብ ሲታይ እንግዳ ነው። ፎካሪው «ዘራፍ» ብሎ ይነሣል፤ ነገር ግን «ገደልሁ» በሚል የተረታ ግስ ላይ ብዙም አይቆምም። የሚያዘወትረው «ገዳይ»፣ «ጣይ»፣ «አስጣይ» የሚለውን የአድራጊ ስም ነው። የአድራጊ ስም ጊዜ የለውም፤ መደብም የለውም፤ በራሱ ጾታ እንኳ አይለይም። ፎካሪው ራሱን የሚጠራው በአባቱ፣ በጌታው ወይም በፈረሱ ስም ነው፤ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ባልቻ አባ ነፍሶ፣ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መቻል እንደተባሉ። የልጅ ልጅ በአያቱ ለምድና ጎፈር ተሸፍኖ «ገዳይ» ሲል ሐሰት ተናገረ ለማለት የሚያስቸግረው ለዚህ ነው። ቃሉ ባለቤቱን ክፍት ትቶታል። «ገደልሁ» ቢል ግን ያው ሰው በአንድ ፊደል ሐሰተኛ ይሆናል።

እስከዚህ ድረስ ቅርጹ ለሕያው ታሪክ የተበጀ ይመስላል። ጉድለቱ ሌላ ቦታ ነው። በቀድሞው የጦር ሥርዓት ፉከራ ትዕይንት ብቻ አልነበረም፤ ቃልም ነበር። ተዋጊው ግዳዩን የሚጥለው በአለቃው ፊት፣ አብረውት በዋሉት ሰዎች መካከል ነው፤ የተጋነነ ነገር ቢያመጣ የሚያጉረመርም ጎረቤት አጠገቡ አለ። በአደባባይ መድረክና በካሜራ ፊት የሚደረገው የዛሬው ፉከራ ይህን አድማጭ አጥቷል። የሚያጨበጭብ እንጂ የሚያርም የለበትም። ለትችት የሚቀርበው ዋና ነገር የጎራዴው ፕላስቲክ መሆን ወይም የለምዱ አዲስነት አይደለም፤ በእነዚያ ላይ መሳለቅ ቀላል ነው፣ ጥቅሙም ትንሽ ነው።

የቤተሰብ ግቢ ከአደባባይ የሚሻለው እዚህ ላይ ነው። በግቢ ውስጥ ሳጥን ተከፍቶ የአያት ጋሻ ሲወጣ፣ ምድጃው አጠገብ የተቀመጡት እማማ «እርሱ እንኳ የወንድሙ ነበር» ለማለት ሥልጣን አላቸው። አማርኛም ለዚህ ዓይነቱ ምስክርነት ጠባብ ግን ጠንካራ መሣሪያ ሰጥቷቸዋል፤ «አሉ» የምትለዋን ቃል። «በመቀሌ ውሃ ተይዞባቸው ነበር አሉ» ያለ ተናጋሪ የሰማውን እንጂ ያየውን እንደማይናገር በአንዲት ቃል አስታውቋል። ፉከራ «ገዳይ» ብሎ ምንጩን ሲሸፍን የግቢ ወግ «አሉ» ብሎ ይገልጠዋል። ኃይሌ ገሪማ እ.ኤ.አ. በ1999 ያወጣው የዓድዋ ፊልም በአዛውንት ቃል፣ በዜማና በሥዕል ላይ በመቆሙ ከብዙ የልብስ ትዕይንት ይበልጥ ሕያው የሆነው ሰሚነቱን ስላልደበቀ ነው።

ይሁን እንጂ ግቢውም የሚያስቀረው ነገር አለ። በዓድዋ ዘመን የገበሬው ግቢ የጀግና መሸኛ ብቻ አልነበረም፤ የጦሩ ስንቅ ቤትም ነበር። አገሩ ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ በክፉ ቀን ከብቱን አጥቶ ገና ሳያገግም ነው ክተት የታወጀው። መቶ ሺህ ገደማ የሚገመት ሠራዊት በትግራይ ወራት ሲቆይ ጎተራ ተራቁቷል፤ በመጨረሻዎቹ ቀናት የንጉሠ ነገሥቱን ሰፈር ያስጨነቀውም የስንቅ ማለቅ ነበር። በሶሎዳና በአባ ገሪማ ዙሪያ የነበሩ ባላገሮች ጦርነቱን ያዩት ከደጃቸው ነው። ባዶ ጎተራን የሚያሳይ የዓድዋ ትዕይንት ግን ከስንት አንዴ ነው የሚታየው። ለገበሬዋ የሚሆን የፉከራ ቃል የለም፤ «ፈጪ»፣ «አብሳይ»፣ «ጫኝ» በሰዋስው ከ«ገዳይ» ጋር አንድ ወገን ቢሆኑም «ዘራፍ» አያስብሉም። እቴጌ ጣይቱ እንኳ በትዕይንቶቹ የሚገቡት ባለ ሽጉጥ ሆነው እንጂ የዚያን ሁሉ ሰው ቀለብ ያሰናዱ እመቤት ሆነው አይደለም።

ፔካ 12 ወደ ታሪኩ የሚገባው በዚሁ «ጫኝ» በሚለው ቃል ነው። በሸዋ ከተከማቸው ጠመንጃ ብዙው የመጣው በታጁራ፣ በኦቦክና በጅቡቲ በኩል ነው። ባለቅኔው አርተር ራምቦ እ.ኤ.አ. በ1886 ከታጁራ ተነሥቶ ለምኒልክ ጠመንጃ ሲያመጣ ቅፍለቱ ያለፈው በአፋር ምድር ነው፤ የዚያን በረሃ መንገድ የሚያውቁት የአፋር፣ በጅቡቲ በኩል ደግሞ የኢሳ ባለግመሎች ነበሩ። በዓድዋ ተራሮች የተተኮሰው ጥይት አስቀድሞ በግመል ጀርባ ላይ ቆይቷል። ዛሬ ሸራ አጥብቆ፣ ጎማውን ለጎሚስታ አሳይቶ ተራ የሚጠብቀው ሾፌር የዚያ ሙያ ወራሽ ነው፤ ሆኖም በየካቲት 23 የሚለብሰው ልብስ የተሰፋለት ለገዳይ እንጂ ለጫኝ አይደለም።

ስሞቹም በዚሁ መንገድ አልፈዋል። «አባ» ብሎ ሰውን በፈረሱ መጥራት ከኦሮሞው «አባ ገዳ»ና «አባ ዱላ» ጋር አንድ ቅርጽ ያለው በመሆኑ የአማርኛ ፉከራ ብቻውን የአማርኛ ሊባል አይቻልም። የራስ መኮንን ፈረስ ስም ቃኘው ደግሞ በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ወደ ኮሪያ የዘመተው ሻለቃ መጠሪያ ሆኖ በጅቡቲ ወደብ መርከብ ተሳፍሯል። አንድ የዓድዋ ቃል በባቡር መጥቶ በዚህ ዳርቻ ባሕር ተሻገረ ማለት ነው። የወደቡን ከተማ በዓድዋ መታሰቢያ ውስጥ ባዳ አድርጎ ማየት፣ ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ የሚያስኬድ አይመስልም።

ቢሆንም ግቢው የሰው ነው። በፔካ 12 የሚከራይ ቤት፣ የሚቆምበት ሜዳ፣ ሻይ የሚጠጣበት ደጅ ባለቤቱ አማርኛን ለገበያ ያህል የሚሰማ ሶማልኛ ወይም አፋርኛ ተናጋሪ ሊሆን ይችላል። በእንግድነት ደጅ «ዘራፍ» ማለት አስጋባዡን ምን ብሎ ይደርሰዋል? በአገር ቤትም ቢሆን የመታሰቢያው ቦታ ያለ ክርክር አልቆየም፤ በየካቲት 2015 ዓ.ም. በምኒልክ አደባባይ የተሰበሰበው ሕዝብ በአስለቃሽ ጋዝ ተበትኗል። ዓድዋ ከተማ ራሷ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በሰሜኑ ጦርነት ውስጥ አልፋለች። ከትግራይ፣ ከወሎና ከሐረርጌ የመጡ ሾፌሮች አንድ ሜዳ ላይ ጎን ለጎን ሲቆሙ «ገዳይ» የሚለው መደብ አልባ ቃል ማንን እንደሚያመለክት እያንዳንዱ በየልቡ ይሞላዋል፤ አሞላላቸው አንድ ይሆናል ብሎ መገመት ግን የዋህነት ነው።

በዚህ ስፍራ የሚስማማው ትዕይንት ምናልባት ከጎፈር ይልቅ ከጭነት የሚጀምር ነው። የሚያስፈልገው አንድ የግመል ኮርቻ፣ አንድ የጥይት ሣጥንና አያቶቹ ቅፍለት ይመሩ የነበሩ የአፋር ወይም የኢሳ ሽማግሌ ናቸው። ሽማግሌው በራሳቸው ቋንቋ «አሉ» ሲሉ አንድ ረዳት ለሾፌሩ ይተረጉምለታል፤ የተሳሳተውንም እርሳቸው ያርሙታል።