ሤራ በወሬና በድርሰት

የፖለቲካ ሤራ ታሪክ አንባቢን የሚይዘው በምሥጢሩ ብዛት ብቻ አይደለም። ምሥጢር ብቻውን ቢበቃ ኖሮ የገበያ ሐሜት ሁሉ ልብ ወለድ በሆነ ነበር። ሁለቱን የሚለያቸው ምን እንደሆነ ለመመርመር፥ በአካባቢያችን የተወራውን የልጅ ኢያሱን ነገር እንመልከት።

መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ በሐረርጌ ሳሉ፥ መኳንንቱና ጳጳሱ አዲስ አበባ ላይ ተሰብስበው ከሥልጣን ሻሯቸው። ዋናው ክስ ሃይማኖታቸውን ለውጠዋል የሚል ነበር። ጥምጥም ጠምጥመው ተነሥተውታል የተባለ ፎቶግራፍም ተወራ፤ እውነተኛ ነው የሚሉም፥ በብልኃት የተሠራ ነው የሚሉም አሉ።

ይህን ወሬ እንደ ድርሰት ብንመዝነው ሁለት ነገር ተሟልቶለታል። አንደኛ፥ የቆመበት መሬት እውነተኛ ነው። ዓለም በጦርነት ላይ ነበር፤ ቱርክ ከጀርመን ጋር ተሰልፋ፥ በሐረር ቆንስላ ነበራት፤ ድሬዳዋም ከ1895 ዓ.ም. ጀምሮ በባቡር ከጅቡቲ ጋር ተገናኝታለች። እንዲህ ባለ ስፍራ መንገደኛው ሁሉ መልእክተኛ፥ ሣጥኑ ሁሉ የጠመንጃ ሣጥን ይመስላል። ሁለተኛ፥ ፎቶግራፉ የሚናገረው ግማሹን ነው፤ ቀሪውን ሰሚው ራሱ ይሞላዋል፥ ራሱ የሞላውንም ከሁሉ አብልጦ ያምነዋል።

የጎደለው የሰው ልብ ነው። ወሬው «ለምን?» ብሎ አይጠይቅም፤ ደራሲ ግን ይህን ጥያቄ ሊያልፈው አይችልም። በአንድ ወገን የሐረርና የኦጋዴን ሙስሊሞች ከመንግሥቱ ጋር እንዲተሳሰሩ የሚመኝ ወጣት፥ በሌላ ወገን ለሃይማኖቱና ለዙፋኑ የሚሠጋ መኰንን ቢያቆም፥ ሁለቱም የየራሳቸውን እውነት ይዘው ይጋጫሉ። ያን ጊዜ አንባቢ ሤረኛው ማን እንደሆነ ከመፈለግ አልፎ፥ «እኔ ብሆን ምን አደርግ ነበር?» ብሎ ይጨነቃል።

ድርሰት ፈጠራ መሆኑን አስቀድሞ ያስታውቃል፤ ጥርጣሬያችንን አጫውቶ ማንንም ሳይጎዳ ያሰናብተናል። ወሬ ግን «እመኑኝ» ይላል። ከሽረቱ አንድ ወር በኋላ፥ ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም.፥ በሰገሌ የልጅ ኢያሱ አባት ንጉሥ ሚካኤል ድል ሆነው ተማረኩ፤ ከሁለቱም ወገን በሺህ የሚቈጠር ሰው ወደቀ። ወሬው ብቻውን ጦርነቱን አመጣ አንልም፤ ነገር ግን ለዘማቹ ምክንያት ሆኖለታል።

ስለዚህ የድሬዳዋ ወጣት ደራስያን ሤራን ከመጻፍ እንዲሸሹ አንመክርም። ሤረኛውን ሰው አድርገው ይጻፉት እንጂ፤ ጠላቱ እንኳ አንብቦ «ይህ ሰው ምክንያት ነበረው» የሚልለት ሤረኛ፥ እርሱ ለልብ ወለድ የበቃ ነው።