ሾተላይ፣ «የመከላከል አቅም» እና ደም አርጊ፤ ስለ አንድ የጨቅላ ሕፃናት ሕመም አሰያየም

የእናቲቱ ሰውነት የሚያመርተው ፀረ እንግዳ አካል የሕፃኑን ፕላትሌት ሲያጠፋ የሚደርሰውን ሕመም በአማርኛ ማን ብለን እንጥራው? ጉዳዩ የመዝገበ ቃላት ብቻ አይደለም። ከፈረስ ቤት አካባቢ አንዲት ወላድ፣ ገላው ላይ ቀያይ ነጠብጣብ የታየበትን ጨቅላ ታቅፋ ወደ ፍኖተ ሰላም ወይም ወደ ባሕር ዳር ብትላክ፣ የምትሰማው ቃል የምታስበውን ይወስናል።

«በበሽታ መከላከል አቅም ችግር የመጣ» የሚለውን አተረጓጎም አንቀበለውም። ሐረጉ በሕዝቡ ጆሮ ከኤች አይ ቪ ጋር ተቆራኝቷል። እዚህ ግን የተዳከመ አቅም የለም፤ ሕፃኑ ከአባቱ የወረሰውን የፕላትሌት ምልክት የእናቲቱ ሰውነት እንደ ባዕድ ቆጥሮ ይዋጋዋል እንጂ። እርሷ ጤነኛ ናት፤ የራሷም ፕላትሌት አይጎድልም። (እንግዳ በሚከበርበት አገር «ፀረ እንግዳ» ማለት ራሱ ይከብዳል፤ ሆኖም ቃሉ ስለ ተለመደ አንነካውም።) እናቲቱ ራሷ የፕላትሌት እጥረት ያለባት የሆነችበት ሌላው ዓይነት ለብቻው ስም ይሻል።

ለተርጓሚ ይበልጥ የሚያጓጓው «ሾተላይ» ነው። ሐኪሞች ቃሉን ለአርኤች አለመጣጣም ሲጠቀሙበት ኖረዋል፤ የሁለቱ ሕመሞች አካሄድም ይመሳሰላል። ነገር ግን የአርኤች ሾተላይ አብዛኛውን ጊዜ የበኩር ልጅን ያልፋል፤ ይህ ሕመም በኩሩንም ይይዛል፣ በአንጎሉም ውስጥ ደም ሊያፈስ ይችላል። ደግሞም «ሾተላይ አለባት» ሲባል ነቀፌታው በሴቲቱ ላይ ያርፋል። ስለዚህ ቃሉ መስፋት የለበትም እንላለን።

«ደም ማነስ»ም አይሆንም፤ ለሌላ ሕመም ተይዟልና። ውጤቱ በሕክምናው ላይ ይታያል፦ «ደም ይሰጠው» ማለት ብቻውን ፕላትሌት አያስመጣም። ፕላትሌት ከ20 እስከ 24 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለ ሙቀት እየተናወጠ ብዙውን ጊዜ ለ5 ቀን ብቻ የሚቆይ፣ በስሙ ተጠይቆ የሚመጣ ነገር ነው፤ ኢሚዩኖግሎቡሊንም እንዲሁ በስሙ ይጠየቃል።

እኛ የምንመርጠው «ደም አርጊ» የሚለውን ነው። ወተት ረግቶ እርጎ ሲሆን የምታይ የጎጃም ሴት ትርጉሙን ለመረዳት አስተማሪ አያሻትም። «አርጊ ሕዋስ» የሚሉ አሉ፤ ዳሩ ግን ፕላትሌት በመቅኔ ውስጥ ካለ ትልቅ ሕዋስ የተቆረሰ፣ ኑክሊየስ የሌለው ቁራጭ ስለሆነ «ሕዋስ» ማለቱ ትክክል አይደለም። «አርጊ» ብቻውን ከቆመ ደግሞ ሴትን «አድርጊ» ከማለት ጋር ይምታታል፤ «ደም» ሊለየው አይገባም። የሕመሙም ስም «የእናትና የጨቅላ ደም አርጊ አለመጣጣም» ቢባል፣ ርዝመቱ ቅር ቢያሰኝም፣ ማንንም ሳይወቅስ ምክንያቱን ይናገራል።