ያልተጻፈ ተዋረድ፦ የዲጂታል ማከማቻን የስብስብ ዝርዝር ከዳታቤዝ ስለማውጣት

የቤተ መጻሕፍት ኃላፊ «በዲጂታል ማከማቻችን ያሉትን ስብስቦች ከነተዋረዳቸው አውጡልኝ» ብሎ ሲያዝ፣ ትእዛዙ የአንድ ከሰዓት የጽሕፈት ሥራ ይመስላል። ዛፉ በማከማቻው ገጽ ላይ ይታያላ! ኮሌጁ ከላይ፣ ትምህርት ክፍሉ ከሥሩ፣ የማስተርስና የዶክትሬት ጽሑፎች ከዚያ በታች ተደርድረዋል። ዳታቤዙ ውስጥ ግን ይህን ዛፍ የሚመስል ነገር ተጽፎ አይገኝም። የሚገኙት ማን የማን ወላጅ እንደሆነ የሚናገሩ ጥንድ ጥንድ መለያዎች ናቸው። ተዋረዱ በተጠየቀ ቁጥር እንደ አዲስ ይገነባል፤ የሚገነባውም ጠያቂው በመረጠው መንገድ ነው። በዚህ ዳሰሳ የምከራከረው፣ የስብስብ ተዋረድ ዝርዝር ደራሲ ያለው ሰነድ ነው፤ እንደ ማንኛውም ሰነድም ሊመረመር ይገባዋል በማለት ነው። ዝርዝሩ በየዓመቱ ሪፖርት አባሪ ላይ ያለ ማብራሪያ ሲለጠፍ ማየት የለመድን ሰዎች ይህን ብዙም አናስብበትም።

ለማሳያ የምወስደው ዲስፔስን ነው። የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ቤተ መጻሕፍትና የሂውሌት ፓካርድ ቤተ ሙከራ አብረው ሠርተው እ.ኤ.አ. በኅዳር 2002 ያወጡት ይህ ነፃ ሶፍትዌር ለእኛም ሩቅ አይደለም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጽሑፎች ማከማቻ፣ ዋና መሥሪያ ቤቱ አዲስ አበባ የሆነው የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ማከማቻ፣ እንዲሁም የዓለም አቀፉን የእንስሳት ሀብት ምርምር ተቋም ኅትመቶች ጭምር የያዘው ሲጂስፔስ የቆሙት በዲስፔስ ላይ ነው። አደረጃጀቱ ቀላል ነው። ኮሚዩኒቲ ሌላ ኮሚዩኒቲ ሊወልድ ይችላል፤ ጥልቀቱም ገደብ የለውም። ኮሌክሽን በኮሚዩኒቲ ሥር ይገባል፤ ሌላ ኮሌክሽን ግን አይወልድም። አይተም፣ ማለትም ጽሑፉ ራሱ፣ በኮሌክሽን ውስጥ ያድራል። በፖስትግረስ ዳታቤዙ ውስጥ ይህን ሁሉ የሚሸከሙት ሁለት ቀጫጭን ሠንጠረዦች ናቸው፦ ኮሚዩኒቲን ከኮሚዩኒቲ የሚያያይዘውና ኮሚዩኒቲን ከኮሌክሽን የሚያያይዘው። በመጀመሪያው ውስጥ የወላጅ መለያና የልጅ መለያ አለ። የትስስሩን ዘመን የሚመዘግብ ዓምድ ግን የለም። ወደዚህ እመለሳለሁ።

እዚህ ላይ አንድ የታሪክ ምጸት አለ። ኤድጋር ኮድ እ.ኤ.አ. በ1970 የዝምድና ሞዴልን ባቀረበበት ዝነኛ ጽሑፍ የተነሣው በትክክል ዛፍን በመቃወም ነበር። በዚያን ጊዜ የራሱ የአይቢኤም ስመ ጥር ሥርዓት፣ ለአፖሎ የጨረቃ ጉዞ ፕሮግራም ታስቦ የተሠራው አይኤምኤስ፣ መረጃን በወላጅና ልጅ ተዋረድ ያስቀምጥ ነበር። ኮድ የመለዋወጫ ዕቃዎችንና የፕሮጀክቶችን ተራ ምሳሌ ወስዶ አንዱን መረጃ በአምስት ዓይነት መዋቅር ማስቀመጥ እንደሚቻል አሳየ፤ ለአንዱ መዋቅር የተጻፈ ፕሮግራም መዋቅሩ ሲቀየር እንደሚሰናከልም አስረዳ። መፍትሔው ዛፉን አፍርሶ ሁሉንም በሠንጠረዥ ማስፈር ሆነ። የማከማቻ ሶፍትዌር ሠሪዎች ደግሞ ሠላሳ ዓመት ያህል ቆይተው፣ ዛፍን ለመሻር በተፈጠረው መሣሪያ ላይ መልሰው ዛፍ ተከሉ። ዲስፔስን ለመንቀፍ አይደለም፤ ቤተ መጻሕፍት በተዋረድ ማሰብ ይወዳል፣ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ከዚያም ይብሳል። የኮድ ማስጠንቀቂያ ግን መዝገቡን አልፎ ጥያቄውን በሚጽፈው ሰው ትከሻ ላይ ወረደ።

ቀደም ሲል ጥያቄው የሚጻፈው ሠንጠረዡን ከራሱ ጋር ደጋግሞ በማጋጠም ነበር፤ አንድ ጊዜ ለልጅ፣ ሁለተኛ ጊዜ ለልጅ ልጅ፣ እየተባለ። ዘር እስከ ሰባት ቤት ተቆጥሮ እንደሚቆመው ሁሉ፣ ይህም ጸሐፊው የገመተው ትውልድ ላይ ሲደርስ ይቆማል። ልዩነቱ፣ እዚህ ስምንተኛው ቤት ቢኖርም እንደሌለ መቆጠሩ ነው፤ ዝርዝሩም የቀረ ነገር መኖሩን አይናገርም። የዳታቤዝ መጠየቂያ ቋንቋው የኤስኪውኤል መስፈርት እ.ኤ.አ. በ1999 ተደጋጋሚ ጥያቄን ተቀበለ፤ ፖስትግረስ ደግሞ በ2009 በወጣው 8.4 እትሙ ተግባራዊ አደረገው። አሠራሩ ሁለት እጅ ነው። የመጀመሪያው ወላጅ የሌላቸውን ኮሚዩኒቲዎች ይመርጣል፤ ሁለተኛው የተገኙትን እየያዘ ልጆቻቸውን ይፈልጋል፣ አዲስ ረድፍ እስኪያጣ ድረስ። በየደረጃው የወላጁን ስም ከልጁ ስም ጋር እየቀጠሉ ሲሄዱ ሙሉው መንገድ ተጽፎ ይወጣል። የእጅ ስሕተት አንድን ኮሚዩኒቲ የራሱ ቅድመ አያት ካደረገው ግን ፍለጋው ማብቂያ ላይኖረው ይችላል። ለዚህ መከላከያ የሚሆን ቀለበት ጠቋሚ ሐረግ ፖስትግረስ ያካተተው በ2021 በ14ኛው እትም ነው።

የመጀመሪያው እጅ «ወላጅ የሌለው» የሚለውን መለኪያ ሲጠቀም ቀድሞ ውሳኔ ሰጥቷል። ወላጁ በስሕተት የተቆረጠበት ትንሽ ኮሚዩኒቲ ከኮሌጆች ጋር እኩል ተሰልፎ ይወጣል። በሌላ በኩል ኮሚዩኒቲዎችን ከኮሌክሽኖች ጋር በጥብቅ ማጋጠሚያ ካያያዝን፣ ኮሌክሽን የሌለው ኮሚዩኒቲ ከዝርዝሩ ይጠፋል። ለእኔ ከሁሉ የሚያሳስበው ይህ ነው። ባዶ ኮሚዩኒቲ ስለ ተቋሙ የሚናገረው አለው፦ ትምህርት ክፍሉ ታቅዶለት፣ ቦታ ተከፍቶለት፣ ያስገባው ሥራ እንደሌለ ወይም ይዞታው ወደ ሌላ እንደተዛወረ ይመሰክራል። ጥያቄው በአንዲት ቃል ልዩነት ይህን ምስክር ዝም ያሰኘዋል።

ስሞቹም የራሳቸው ታሪክ አላቸው። እስከ ዲስፔስ አራተኛ እትም ድረስ የኮሚዩኒቲና የኮሌክሽን ስም በየራሳቸው ሠንጠረዥ ላይ ይጻፍ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው አምስተኛው እትም ስሙን ወደ አጠቃላዩ የሜታዳታ ሠንጠረዥ አዛወረው፤ በ2016 የወጣው ስድስተኛው ደግሞ አጫጭር ቁጥሮችን አንስቶ በረጃጅም ዩዩአይዲ መለያዎች ተካቸው። በአንዱ እትም የተጻፈ ጥያቄ በሌላው አይሠራም፤ ኮድ ያለው ደረሰ ማለት ነው። ከዚህ ይልቅ አሳሳቹ ግን ሳይሰናከል የሚሳሳተው ነው። የሜታዳታ ሠንጠረዡ ለአንድ ኮሌክሽን በአማርኛም በእንግሊዝኛም ርዕስ መያዝ ይችላል፤ የቋንቋ ዓምዱን ያላጣራ ጥያቄ እንዲህ ያለውን ኮሌክሽን ሁለት ጊዜ ያወጣዋል፣ በሥሩ ያለውንም ሁለት ጊዜ ይቆጥረዋል። ሁለት ቋንቋ አክብሮ የመዘገበ ቤተ መጻሕፍት ስለ ትጋቱ የተጋነነ ቁጥር ይሸለማል! ፊደል ተራውም ቢሆን ገለልተኛ አይደለም። በዩኒኮድ ቁጥር ቅደም ተከተል የላቲን ስሞች ሁሉ ከግዕዝ ፊደል በፊት ይሰለፋሉ፤ «ሥነ ጽሑፍ» እና «ስነ ጽሁፍ» ተብለው የተመዘገቡ ሁለት ኮሌክሽኖች ደግሞ የ«ረ» ቤት በሙሉ ይለያያቸዋል።

ስለ አቆጣጠሩ ባጭሩ ልለፍ። አንድ አይተም ባለቤት የሆነ አንድ ኮሌክሽን ይኖረዋል፤ በሌሎች ኮሌክሽኖችም ሊታይ ይችላል። በባለቤትነት ከተቆጠረ አንድ፣ በትስስር ከተቆጠረ ሦስት ሊሆን ይችላል። ከእይታ የተነሡት ይግቡ ወይስ ይውጡ የሚለውም አለ። ከዚህ የከበደው የፈቃድ ጉዳይ ነው። በቀጥታ ወደ ዳታቤዝ የገባ ሰው የፈቃድ ሠንጠረዡን ካልጠየቀ በቀር ሁሉንም ያያል፤ ለሕዝብ የተዘጉ ኮሌክሽኖች ስም ሳይቀር። በዲስፔስ ሰባተኛ እትም ላይ ያለው የፕሮግራም መግቢያ በር ግን ለጠያቂው የተፈቀደውን ብቻ ይመልሳል። ሁለቱም ዝርዝሮች እውነተኞች ናቸው፤ የተሠሩበት መንገድ ካልተገለጸ ግን እርስ በርስ የሚካካዱ ይመስላሉ።

አሁን ወደ ዘመን አልባው ሠንጠረዥ ልመለስ። ተቋማት የማከማቻ ተዋረዳቸውን የሚቀዱት አብዛኛውን ጊዜ ከአስተዳደር መዋቅራቸው ነው። ሐሳቡ የቆየ ነው፤ የፈረንሳይ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1841 ባወጣው መመሪያ ሰነዶች ባመነጫቸው አካል ሥር ተጠብቀው እንዲቀመጡ አዝዞ ነበር። አካሉ ሲለዋወጥስ? የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1961 ሲመሠረት የዓለማያው የእርሻ ኮሌጅና የጎንደሩ የጤና ኮሌጅ በሥሩ ነበሩ። ዩኒቨርሲቲው ከአብዮቱ በኋላ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተባለ፤ ዓለማያ በ1985 ራሱን ችሎ ወጣ፣ በኋላም ሐረማያ ሆነ። በ1960ዎቹ ዓለማያ ላይ የተሠራ ጥናት ዛሬ ዲጂታል ቢደረግ ከአዲስ አበባ ወይስ ከሐረማያ ኮሚዩኒቲ ሥር ይግባ? ለሁለቱም መልስ ጥሩ ምክንያት ይገኛል፤ ሠንጠረዡ ግን «ያኔ» እና «ዛሬ» የሚባሉ ነገሮችን አያውቅም። ኮሚዩኒቲን ከአንዱ ወላጅ ወደ ሌላው ስናዛውር የድሮው ረድፍ ይሰረዛል፣ አዲሱ ይገባል፤ ነገ የሚቀርበው ጥያቄ ትናንት የነበረውን ዛፍ ሊያገኘው አይችልም። ፋኩልቲው ኮሌጅ በሆነ ማግስት፣ ኮሌጁ ሳይፈጠር የተመረቁት ሁሉ የኮሌጁ ምሩቃን መስለው ይሰለፋሉ።

ይህን ችግር አውስትራሊያዊው የቤተ መዛግብት ባለሙያ ፒተር ስኮት ዲጂታል ማከማቻ ሳይኖር ነግሮናል። እ.ኤ.አ. በ1966 ባሳተመው ጽሑፍ፣ መሥሪያ ቤት ይፈርሳል፣ ይዋሐዳል፣ ስሙን ይለውጣል፤ ስለዚህ የሰነድ ተከታታይን ከአንድ አካል ሥር ማሰር ይቅር ሲል ተከራከረ። ሰነዱ ለብቻ፣ አካሉ ለብቻ ይመዝገብ፤ በመካከላቸው ያለው ዝምድና ከነዘመኑ ይያዝ ነው ያለው። አንባቢው እንደሚያስተውለው፣ ይህ ኮድ ከአራት ዓመት በኋላ ለመረጃ በጠቅላላው ካቀረበው ሐሳብ ጋር የተቀራረበ ነው፦ ዝምድናን ከመዋቅር ማላቀቅ። ሁለቱ የተነሡት ከተለያየ ሙያ መሆኑ ክርክሩን የሚያጠነክረው ይመስለኛል።

በ2021 የወጣው ሰባተኛው የዲስፔስ እትም ወደዚህ አቅጣጫ አንድ እርምጃ ሄዷል። ሰው፣ ፕሮጀክት፣ የድርጅት ክፍል የሚባሉ ራሳቸውን የቻሉ መዝገቦችን መፍጠርና በመካከላቸው ስም ያለው ዝምድና ማሰር ይቻላል። ትምህርት ክፍልን እንደ ኮሚዩኒቲ ቅርንጫፍ ከማሰብ ይልቅ የራሱ መዝገብ፣ የራሱ የምሥረታ ዘመን ያለው አካል አድርጎ መመዝገብ ይቻላል ማለት ነው። ተዋረዱን የሚጠይቅ ሰው ያን ጊዜ ሁለቱን ቀጫጭን ሠንጠረዦች ትቶ የዝምድናውን ሠንጠረዥ ያነባል። እስካሁን ግን አንድ ገደብ አልተነሣም፤ በዲስፔስ እያንዳንዱ እንዲህ ያለ መዝገብ ራሱ አይተም ነው፣ አይተም ደግሞ ያለ ኮሌክሽን፣ ኮሌክሽንም ያለ ኮሚዩኒቲ ሊኖር አይችልም። ከዛፉ ነፃ እንዲሆን የተፈጠረው ትምህርት ክፍል ከዛፉ አንድ ቅርንጫፍ ላይ ቦታ ካልተሰጠው አይመዘገብም፤ የትኛው ቅርንጫፍ ይሁን የሚለውን የሚወስነውም ያው መዝጋቢው ነው።